ድምፁ ብቻ የዳነ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑ የሞተው ምሽት ላይ ነበር፤ ማንም ሳይነካው፣ ዜና አንባቢው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ። ከሆዱ ጧ የሚል አጭር ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ ተከተለ፤ ከዚያም ጸጥታ ሆነ። የቤቱ አምፖሎች እንደ በሩ ነበሩ። ጋሽ ፍሬቻ ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው የማብሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ለቀቁት፤ ደግመው ተጫኑት። ቁልፉ እንደ ወትሮው ቀጭ አለ፤ ሌላ የተከተለ ነገር ግን አልነበረም።

ፍሬቻ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ጋሽ ፍሬቻ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለ የአቅጣጫ መብራት ስለሚያበሩ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው "ይኼ ሰውዬ ለነገ መታጠፊያ ዛሬ ፍሬቻ ያሳያል" እያሉ ሲያሾፉባቸው ቀልዱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ዐይናቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጥቷል። የዐይን ግፊት የሚሉት በሽታ ከዳር ወደ መሐል እየበላ መጣ። ሐኪሞቹ ጠብታ አዘዙ፣ ቀደዱ፣ እንደገና ቀደዱ፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ጋሽ ፍሬቻ ይዘው ከገቡት ያነሰ ብርሃን ይዘው ይወጡ ነበር። በመጨረሻ "ምንም አይታየኝም፤ ጨልሟል፤ በቃ ተዉኝ" አሉ። ልጆቻቸው አለቀሱ፤ ተዉአቸውም።

ቃላቸው ግን እውነት አልነበረም። በግራ ዐይናቸው፣ በስተውጭ ባለችው ጥግ፣ እጅግ ጥቂት የሆነ ነገር ቀርቷቸው ነበር። ፊት አታሳይም፤ እጅ አታሳይም። የቀን ብርሃን ለእሷ ግራጫ ጉም ነው፤ ዐይን ቢከፈትም ቢጨፈንም ልዩነቱ አይታወቅም። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቅርብ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሲመጣ ግን ትይዘዋለች። ስለዚህ ጋሽ ፍሬቻ በየምሽቱ ወንበራቸውን፣ ጉልበታቸው የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ እስኪነካ ድረስ ያስጠጋሉ፤ ፊታቸውን ጥቂት ወደ ቀኝ መለስ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ በጥጓ በኩል ሰማያዊ ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል። በጨለማ መንገድ ላይ፣ ገና ከተራራው ማዶ በሚመጣ ብርሃን ብቻ፣ የሚመጣው አውቶቡስ ይሁን የጭነት መኪና፣ ሾፌሩ የነቃ ይሁን ያንቀላፋ ሲለዩ ለኖሩ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፈጥኖ የሚቀያየረው ማስታወቂያ ነው፤ ጸጥ ያለው ዜና ነው፤ አረንጓዴ የሚመስለው ኳስ ነው እያሉ ለብቻቸው ይፈርዳሉ።

ይህን ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩ ወንድ ልጃቸው በማግሥቱ መኪና አስነሥቶ ከሐኪም ሐኪም ሊያዞራቸው ነው፤ መቀስ የነካው እንደሆነ ደግሞ የቀረችውም ትሄዳለች ብለው ይፈራሉ። የመጨረሻው ሐኪም "ጠብታውን እንዳያቋርጡ፤ የቀረ ነገር ካለ የሚጠብቀው እሱ ነው" ብሏቸዋል። ለሴት ልጃቸው ግን "ለሕመሙ ነው ያዘዘልኝ" አሏት። ጠብታውን የሚጨምሩትም ራሳቸው ናቸው፤ ልጨምርልህ ስትላቸው "የታወረው ዐይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም" ይሏታል።

እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ሲሞት ከጋሽ ፍሬቻ የተወሰደባቸው ዜናው አልነበረም።

ወንድ ልጃቸው እሑድ መጣና የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ ቴሌቪዥን አይደለም፤ ቁም ሣጥን ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ነገር አመጣልሃለሁ።"

"ማብሪያው የቱ ጋ ነው?"

"ማብሪያ ምን ያደርግለታል፤ በሪሞት ነው። ሪሞቱ ደግሞ…" አለ።

"ሪሞቱ ደግሞ በዐይን ነው" ብለው ጨረሱለት። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም?"

"ለምን ብሎ? ከፍ አድርገን እንሰቅለዋለን። ክፍሉም ይሰፋልሃል።"

ጋሽ ፍሬቻ ያን ብርሃን ከጉልበታቸው ርቆ፣ ግድግዳው አናት ላይ ተሰቅሎ አሰቡት። ጉልበቴ ሥር አድርጉልኝ ቢሉ ደግሞ ለምን መባላቸው ነው። "የእኔው ይጠገን። ቁልፎቹን ጣቴ ያውቃቸዋል" አሉና ነገሩን ቆረጡት።

"እታለም፣ አንቺ ምከሪው እንጂ" አለ ልጅየው ወደ እኅቱ ዞሮ።

"እኔን ሰምቶ ያውቃል? አንተን በኩር ልጁን ያልሰማ!" አለች እኅቱ። እሷ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ቀን ቀን በልብስ ስፌት ድርጅት የቁልፍ ቀዳዳ በሚያወጣ መኪና ላይ ትሠራለች።

ጠጋኙ በማግሥቱ፣ እሷ ከሥራ በጊዜ በወጣችበት ከሰዓት በኋላ መጣ። ዕድሜውን ሁሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሆድ ላይ አቀርቅሮ የጎበጠ፣ ሲሠራ ለራሱ የሚያጉረመርም ሰው ነው።

"እስቲ ጋሽ ፍሬቻ፣ በሽተኛው ምን ሆነ?"

"ጧ አለና ሄደ።"

"ጭስ ነበረው?"

"ጭሱን እንኳ እኔን አትጠይቀኝ። ሽታው ግን ቁልቁለት ላይ የጋለ የፍሬን ሸራ ነው።"

"ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት አገኛለሁ?"

"ሾፌር የሚነዳው በአፍንጫው ነው። ዐይን ለትራፊክ ፖሊስ ነው የሚያስፈልገው።"

ሁሉም ሣቁ፤ ጋሽ ፍሬቻም ሣቁ። ግን እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነበር።

ጠጋኙ ሥራውን የጀመረው ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከግድግዳው ነበር። የራስጌ መብራት አስመጣና በዚያው ሶኬት ላይ ሰካው፤ በራ። ስለዚህ ቤቱ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ገመዱን ነቅሎ ሁለቱን ጫፎቹን በመለኪያው ያዘና ክንድ በክንድ እያጠፈ ሄደ፤ ያረጀ ገመድ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ተበጥሶ ይገኛልና። ገመዱም ደኅና ነው። ማብሪያውን ለካ፤ ይገናኛል፣ ይላቀቃል። ከዚህ በኋላ ነው የኋላ ክዳኑን ብሎኖች የፈታው። ውስጡ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር።

"ማንም እጁን እንዳያስገባ" አለ። "ከግድግዳው ተነቅሎም መስታወቱ ኃይል አምቆ ይቆያል።" ሽቦ የታሰረበትን ካቻቢቴ በመስታወቱ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ሥር አስገባ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ከቦርዱ ላይ ትንሿን የመስታወት ፊውዝ ነቅሎ ወደ መስኮቱ አነሣት። ውስጧ ጥላሸት መስሎ ጠቁሯል።

"ሌላ ከተህበት አትለቀውም?" አለች ልጅቱ።

"ያንንም ይበላዋል። በእርጅና የሞተ ፊውዝ ክሩ ብቻ ነው የሚበጠሰው። እንዲህ ከጠቆረ ግን ከኋላው ያለ ትልቅ ነገር ተቃጥሎ መስመሩ እርስ በርሱ ተገናኝቷል።"

በፊውዙ ቦታ ተራ የቤት አምፖል አሰረ። ውስጡ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል፤ የተገናኘ መስመር ካለ ግን ኃይሉን ሁሉ አምፖሉ ይወስደውና ቦግ ብሎ ይቀራል። ሰካው። አምፖሉ ቦግ አለ፤ አልደበዘዘም።

"በራ?" አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

"በራ፤ ግን ይኼ ምነው ባልበራ የሚባል መብራት ነው።"

"ይድናል?"

ጠጋኙ ጥያቄውን እንደ ማንኛውም ባለ ዕቃ ጥያቄ ቆጠረው። "ሱቅ ወስጄ ላየው" አለ።

ወንድ ልጃቸው በመኪናው አደረሰው። ጋሽ ፍሬቻ በእነዚያ ምሽቶች በዚያው ወንበር፣ በባዶው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። ልጃቸው እንዳይከፋቸው ሬዲዮ ከፈተችላቸው፤ "ዝጊው እናትዬ፤ ዛሬ ወሬ አላማረኝም" አሏት። የራስጌውን መብራት አምጪልኝና ፊቴ ላይ አወዛውዢልኝ ማለት አሰኝቷቸው ነበር፤ አላሉም።

የጠጋኙ ሱቅ በጫማ አዳሽና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ መሬቱ በቀለጠ እርሳስ ጠብታዎች ዥጉርጉር ሆኗል። ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ጠጋኙ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ነገር በእጁ ይዞ አገኘችው፤ ከአናቱ ወፍራም ቀይ ሽቦ ወጥቷል።

"ይኸውልሽ እኅቴ። ለመስታወቱ ትልቁን ኃይል የሚሰጠው ይኼ ነው። ሆዱን እዪው፤ ተሰንጥቋል። እሱ ሲሄድ የሚነዳውን ትራንዚስተር ይዞት ሄደ፤ ትራንዚስተሩ ደግሞ ፊውዙን።"

"አይገዛም እንዴ ጋሼ?"

"ድሮ ቢሆን በየሱቁ ነበር። አሁን የሚያስመጣውም የለ። እንደሱ ያለ ሌላ ቴሌቪዥን ሲሞት ጠብቆ ከሬሳው መንቀል ነው።"

ፊቷ ጠቆረ። ጠጋኙም አዘነላት መሰለኝ፣ ያላሰበውን አሳያት። የተቃጠለውን ክፍል ከመስመሩ ቆርጦ አውጥቶት ነበር። በዚህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ድምፁ የሚበላው ኃይል ብርሃኑ ከሚበላው ለብቻው ተለይቶ ይሄዳል። በአምፖሉ በኩል ሰካው፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፤ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባም የሰው ድምፅ፣ ጥርት ያለ፣ ወጣ።

"ድምፁማ አለ!" ብላ እጇን አጨበጨበች።

"ድምፅ ብቻ ነው። ምስል የለውም፤ ዕቃው እስኪገኝ አይኖረውም።"

ልጅቱ ጥቁሩን መስታወት አየች። ቀስ ብሎ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ለራሷም ደግ ሐሳብ መሰላት።

"ለእሱ እኮ ይበቃዋል" አለች። "እሱ አያይም። ቁልፉን ይጫናል፣ ድምፁን ይሰማል። ሌላ ምን ያደርግለታል?"

"ልንገራቸዋ እንግዲህ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳትነግረው! ለዕውር ዕውር ቴሌቪዥን ሰጣችሁኝ ብሎ ቢቀየምስ? ምን አስጨነቀን። ልክ እንደ ነበረ ነው ብለን እንስጠው።"

ጠጋኙ እርሳስ ማቅለጫውን አስቀምጦ ጥቂት አሰበ። "ቴሌቪዥን ሠርቼ ለባለቤቱ ሳልነግር ያስረከብኩት የለም" አለ። ቀጥሎም፣ የሰው ቤት ጉዳይ ሆኖበት፣ "እንግዲህ አባትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለ።

እንዲህ ማድረግ ለዚያ ቤት እንግዳ አልነበረም። የጋሽ ፍሬቻ ወንድም በሞተ ጊዜ፣ እሳቸው ከቀዶ ሕክምና ገና መነሣታቸው ነበርና ልጆቻቸው ደበቋቸው። ዐይኑ ይሻለው፣ ክረምቱ ይውጣ ሲሉ ቀኑ እየራቀ ሄደ፤ ልጅቱም ከስልክ እየተመለሰች "አጎቴ ሰላም ብሎሃል" ትላቸው ነበር። በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባቸው መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሲያጽናናቸው ነው የሰሙት። በዚያን ዕለት ልጆቻቸውን አልተቆጡም። ቤት ገብተው እጃቸውን ታጠቡና "ሰላምታውን ማን ነበር የሚፈጥርለት፣ አንቺ ነሽ ወይስ ወንድምሽ?" ብለው ብቻ ጠየቁ።

ቴሌቪዥኑ የተመለሰ ቀን ምሽቱ ገና መጨለሙ ነበር። ጠጋኙና ወንድ ልጃቸው ተሸክመው አስገቡት። ጋሽ ፍሬቻ ተጣጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

"መብራቱን አጥፊው እስቲ፤ ዐይኔን ይወጋኛል" አሉ ለልጃቸው።

"አይ አባዬ! የሌለህን ዐይን ነው የሚወጋህ?" አለች እየሣቀች፤ አጠፋችውም።

ወንበራቸውን አስጠጉ። ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ነካ። ጣታቸው ቁልፉን ሳይፈልግ አገኘው፤ ቀጭ። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ መጣ፤ የሰዎች ጨዋታ፣ ከዚያም ሙዚቃ። ወንድ ልጃቸው "እልል በሉ!" አለ። ጋሽ ፍሬቻ ፊታቸውን ጥቂት ወደ ቀኝ መለስ አድርገው ጠበቁ። ሙዚቃው አለቀ፤ ሌላ ተጀመረ። ጥቂት አብዝተው ዞሩ፤ ጎንበስ አሉ፤ ተመለሱ።

"ምስሉስ ደኅና ነው?" አሉ በመጨረሻ።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተያዩ። መስታወቱ ጥቁር ነበር።

"ደኅና ነው አባዬ፤ ጥርት ብሏል" አለች ልጃቸው።

"እንዲያውም ከድሮው ይበልጣል" አለ ልጃቸው።

ጠጋኙ አቀርቅሮ የመሣሪያ ቦርሳውን ዚፕ ይዘጋ ነበር፤ የተዘጋውን ከፍቶ እንደገና ዘጋው።

"ጎሽ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ። "እጅህ ይባረክ።" ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከመስታወቱ ፊት አንሥተው ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱት፤ የቆመ ሰው ቢያይ ዝንብ የሚያባርሩ ይመስለው ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ሩቅ መንገድ ላይ ያዩት የነበረ መብራት ወደ ገደል የገባ ያህል አንድ ነገር በውስጣቸው ወደቀ። ልጆቻቸው ምስሉ ጥርት ብሏል ካሉ፣ የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ወንበራቸውን ማስጠጋት ተዉ። ልጃቸው ይህን አይታለች፤ ግን "ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው" ብላ ለራሷ መልስ ሰጠች። ራስ ምታት ያዛቸው፤ አልተናገሩም። ጠብታውን በሚጨምሩበት ሰዓት ጠርሙሷን ያነሣሉ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ጠርሙሷንም ሳይጫኗት ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። የሚጠበቅ ነገር ሳይኖር ዘበኛ ማቆም ትርጉም የለውም ብለው ነበር። ድርጊቱን ያላስቀሩት ልጃቸው እንዳታውቅ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ ልጅቱ ወደ መድኃኒት ቤት ልትሄድ፣ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አነሣች። ጠርሙሷ ሙሉ ነበረች። አፏ ዙሪያ ደርቆ የነጣ ነገር አለ።

"አባዬ፣ ይቺ መቼ የተከፈተች ናት?"

"ምኗ?"

"ጠብታዋ። አልጎደለችም እኮ። ትጨምራለህ ወይስ አትጨምርም?"

"እጨምር ነበር።"

"ነበር? ለሕመሙ ነው ብለኸኝ!"

"ለሕመሙ አልነበረም።" ጋሽ ፍሬቻ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ እየወለወሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል በዝግታ ነገሯት፦ ስለ ግራ ዐይናቸው ጥግ፣ ስለ ሰማያዊው ነገር፣ ማስታወቂያውን ከዜናው እንዴት ይለዩ እንደነበር። "ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ግን ወንድምሽን ታውቂው የለ፤ ያቺኑ ሊያስቀድዳት ነው ብዬ ፈራሁ።"

"አሁንስ? አሁን የለችም?"

"ሄደች።"

"መቼ ነው የሄደች?"

"ቴሌቪዥኑ ከጠጋኙ የመጣ ዕለት። ድምፁ መጣ፤ እሷ አልመጣችም።"

ልጅቱ ጠርሙሷን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "አባዬ… ቴሌቪዥኑ እኮ ምስል የለውም። የሚያበራው ዕቃ ተሰንጥቆ ወጥቷል። መስታወቱ ጥቁር ነው። ያን ቀንም ጥቁር ነበር። ዐይንህ አይደለም የጠፋ፤ እሱ ነው ያላበራ።"

ጋሽ ፍሬቻ እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ፈለጉ፤ አገኙት፤ ዳበሱት።

"ጎበዝ ነሽ" አሉ። "ቶሎ መጣልሽ።"

"እውነቴን ነው! ሞቼ ልገኝ!"

"ጥርት ብሏል አላልሽኝም? ወንድምሽስ ከድሮው ይበልጣል አላለም?"

"ዋሽተን ነው!"

"ታዲያ እኔ በምን ልለይ እናትዬ? ያን ጊዜ ዋሽታችሁ ዛሬ እውነት እየነገርሽኝ ይሆናል። ያን ጊዜ እውነት ነግራችሁኝ ዛሬ አሳዝኜሽ እየዋሸሽ ይሆናል። ያ ምስኪን አጎትሽ ከሞተ በኋላ ስንት ሰላምታ ልኮልኛል።"

ስልኳን አወጣች፤ መብራቱን አበራች፤ ወደ ግራ ዐይናቸው አስጠጋች። የእጇን መቅረብ ተሰምቷቸው ሁለቱንም ዐይኖቻቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

"ተይ። እንደ ሐኪም ቤት 'አሁንስ? አሁንስ?' እንዳትይኝ። ደክሞኛል።"

"አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ፣ በሞቴ!"

"ተይኝ አልኩሽ።"

ወንድሟ በስልክ ሲሰማ አባቱን ዕለቱን ወደ ሐኪም ልውሰድ አለ፤ ጋሽ ፍሬቻ በሩን ከውስጥ ዘጉበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብታውን የምትጨምርላቸው ልጃቸው ሆነች። እሳቸውም ለእሷ ሲሉ ፊታቸውን ይሰጧታል፤ ግን ነገሩን በቀኝም በግራም እያዞረች ብትጠይቃቸው መልስ አይሰጧትም። ያ ብርሃን በእነዚያ ወራት ውስጥ በእርግጥ ሄዶ እንደሆነ፣ ወይስ ጥጉ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ይቀራታል፤ እሳቸው በለመዱት ቦታ፣ በለመዱት መንገድ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው እንዲያዩት።

ጠጋኙ ስትነግረው ከወንበሩ ተነሣ። "እኔን አፈር ይብላኝ" አለ። ሱቁን ዘግቶ ወጣ። የሚያውቃቸውን ጠጋኞች ሁሉ ሲያዳርስ ሰነበተ፤ በመጨረሻ በገበያው ጫፍ አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ዘንድ፣ ዝናብ ሲመታው የከረመ፣ መስታወቱ የተሰበረ ተመሳሳይ ቴሌቪዥን አገኘ። ጥቁሩን ዕቃ ከነቀይ ሽቦው ነቀለ፣ አደረቀ፣ ለካ። ደኅና ነበር። ትራንዚስተሩን ለውጦ፣ የቆረጠውን መስመር መልሶ፣ በጋሽ ፍሬቻ ቤት፣ በጋሽ ፍሬቻ ጠረጴዛ ላይ ገጠመው፤ ሱቅ ተወስዶ የሚመለስ ነገር ዳግም እንዳያጠራጥራቸው ብሎ ነው።

ምሽት ነበር፤ ልጅቱ መብራቱን አጠፋች። "እንሞክረው ጋሽ ፍሬቻ፤ ይጫኑት" አለ ጠጋኙ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ክዳኑ ገና ሳይዘጋ። ጋሽ ፍሬቻ ወንበራቸውን አስጠጉ። በጥቂቱ ወደ ቀኝ ዞሩ። ልጃቸው ከጎናቸው ተንበርክካ እጃቸውን ይዛ ነበር፤ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እሳቸው ይህን አወቁ። በአውራ ጣታቸው ጣቶቿን አንድ ጊዜ አሹ። ከዚያም ቁልፉን ተጫኑ።

ድምፁ መጣ፤ አንዲት ሴት ስለ አየር ጠባይ ትናገር ነበር።

"መጣች!" አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየች።

"ይኸው፤ መጣች። ሰማያዊ ናት፤ ትንቀሳቀሳለች።" ፊታቸው በፈገግታ ተከፍቶ ነበር። "እውነትሽን ኖሯል እናትዬ። ዐይኔ አይደለም፣ እሱ ነው ያላበራ። እኔ ነኝ ያላመንኩሽ፤ አትቀየሚኝ።"

መስታወቱ ጥቁር ነበር። ጠጋኙ ሌላ ዕቃ በገጠመ ቁጥር፣ ኃይሉ በድንገት እንዳይመታው፣ ብርሃኑን ከኋላ ባለች ትንሽ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘግቶ ነው የሚጀምረው፤ ድምፁ በደንብ መውጣቱን ካረጋገጠ በኋላ በዝግታ ይከፍተዋል። ካቻቢቴው ቁልፏ ላይ ነበር፤ ገና አላዞራትም።

ጠጋኙ በቴሌቪዥኑ አናት በኩል ልጅቱን አየ። ልጅቱም አየችው። ሴትዮዋ ነገ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደሚውል ትናገር ነበር። ከዚያ ጠጋኙ ቁልፏን አዞራት። መስታወቱ ቀስ ብሎ ግራጫ ሆነ፣ ቀስ ብሎ ሰማያዊ ሆነ፣ ብርሃኑ የጋሽ ፍሬቻን ጉልበት፣ ሸሚዛቸውን፣ ከዚያም ፊታቸውንና የተከፈተውን ግራ ዐይናቸውን አዳረሰ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ፈገግታው ቀድሞ እዚያው ነበር።

"አዎ አባዬ" አለች ልጃቸው። "መጣች።"

"ነገርኩሽ እኮ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

ጠጋኙ የኋላ ክዳኑን አነሣና ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረ። ጠብቀው ካለቁ በኋላም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለመውጣት ቆየ።